ፋይሉ አለ፤ መንገዱ ግን ጠፋ

በከተማችን ሰው ቤቱን ለእንግዳ ሲያመለክት የቤት ቁጥር አይጠራም። «ከታክሲ ወርደህ ቀጥ በል፤ ወፍጮ ቤቱን ስታልፍ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያለህ» ይላል። እንግዳውም ታክሲው በተለመደው ቦታ ካወረደው ያለ ችግር ይደርሳል። ነገር ግን ታክሲው በሌላ መንገድ መጥቶ በሌላ ቦታ ያወረደው እንደ ሆነ ቀኙ ግራ ይሆንበታል፤ ወፍጮ ቤቱም አይገኝም። ቤቱ አልፈረሰም፤ እመቤቲቱም ቡና አፍልታ ትጠብቃለች፤ የጠፋው መንገዱ ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ያነሣሁት ስለ ከተማችን መንገዶች ለማተት አይደለም። ልጽፍ ያሰብሁት በኮምፒዩተር ውስጥ ስላለ አድራሻ ነው፤ ይኸውም ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተሠራ የዌብ ፕሮግራም ውስጥ ሥዕል፣ የገጽ ማስጌጫና የመጽሐፍ ቅጂ የመሳሰሉት ፋይሎች በምን ዓይነት አድራሻ ቢጠሩ እንደሚገኙ፣ በምን ዓይነትስ ቢጠሩ እንደሚጠፉ ነው። ርእሱ ለብዙ ሰው ደረቅ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የደረሰውን ያየ ሰው ደረቅ ነው አይልም።

አስቀድሜ ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። ጃቫን የሠሩት ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ አገር ሰን ማይክሮሲስተምስ ከተባለው ድርጅት ለሕዝብ የቀረበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያ ስሙ ኦክ ነበር፤ ኦክ የዛፍ ስም ነው። በኋላ ግን ጃቫ ተባለ፤ ጃቫ በኢንዶኔዥያ የምትገኝ፣ በቡናዋ የታወቀች ደሴት ናት። የቋንቋውም አርማ የሚጨስ የቡና ስኒ ነው። የቡና መነሻው የእኛው አገር ስለ ሆነ፣ ይህን አርማ ባየሁ ቁጥር ሩቅ አገር ኖሮ ስሙን ለውጦ የተመለሰ ዘመድ ያየሁ ይመስለኛል።

በጃቫ የተጻፈ የዌብ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተናግደው ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ከነዚህ አስተናጋጆች አንዱ ቶምካት ይባላል። ሰን በ1999 እ.ኤ.አ. ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሰጥቶት ማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚጠቀምበት ሆነ። የትምህርት ቤታችንም ፕሮግራም የሚኖረው በዚሁ በቶምካት ውስጥ ነው።

አስተናጋጁ ለጠያቂው የሚሰጠው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በጥያቄው መሠረት ያን ጊዜ ተሰናድቶ የሚሰጥ ነው፤ በመዝገብ ቤት ለእያንዳንዱ ባለ ጉዳይ በስሙ እንደሚጻፍ ደብዳቤ ያለ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠና ለጠየቀው ሁሉ እንዳለ የሚሰጥ ነው፤ በግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ለመጣው ሁሉ አንድ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ስታቲክ ፋይል ይሉታል። የትምህርት ቤታችን አርማ፣ የገጹን ቀለምና የፊደል መጠን የሚወስነው ሲኤስኤስ የተባለው ፋይል፣ እንዲሁም ፒዲኤፍ ሆነው የተቀመጡት የቀድሞ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ሁሉ ስታቲክ ፋይሎች ናቸው።

ወላጆች ምናልባት አያውቁት ይሆናልና ስለ ፕሮግራሙ ላስረዳ። ከኛ በፊት ያለፉት የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ የዌብ ፕሮግራም ሠርተው ነበር። ፕሮግራሙ በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ባለው አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይኖራል፤ በንባብ ክፍሉ ያሉት ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች በገመድ ከርሱ ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህም ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። ተማሪው የሚፈልገውን የትምህርት ዓይነትና ዓመተ ምሕረት መርጦ ሲጫን፣ የፈተናው ወረቀት ይከፈትለታል። መጽሐፍ መግዛትና ወረቀት ማባዛት ለማይችል ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጋቢት ወር የብሔራዊ ፈተና ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ ቢሮው ለተማሪዎች ምዝገባ የሚሆን ሌላ ፕሮግራም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንዲጫን አደረገ። አዲሱ ፕሮግራም ዋናውን ስፍራ ያዘ፤ የኛ ፕሮግራም ደግሞ በላቲን ፊደል «ንባብ» የሚል ስም ተሰጥቶት ወደ ጎን ተዛወረ። በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ገጹ ይከፈታል፤ ነገር ግን ቀለም የለውም፤ አርማው ባለበት ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል፤ የፈተና ወረቀቶቹም አንዱም አይከፈቱም። የሚመጣው መልስ 404 የሚል ቁጥር ነው፤ ትርጓሜውም «የጠየቅኸው አልተገኘም» ማለት ነው።

ወሬው ከደወሉ ቀድሞ በግቢው ተሰማ። ፋይሎቹ ሁሉ ተሰረዙ ተባለ፤ ቫይረስ ነው ያለም ነበር። እኔ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪና የክበቡ አባል ነበርሁ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስንገባ፣ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ባዶውን ገጽ ትመለከት ነበር። ጧትና ቀትር ከትምህርት የተረፋትን ጊዜ እናትዋን በጉልት ትረዳለች፤ ለንባብ የሚተርፋት ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለው ብቻ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አልተቆጣችም፤ «ወንድሞቼ፣ እኔ ያለችኝ ይህች ሰዓት ናት» ብቻ አለችን። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበደን።

የመጀመሪያው ሥራችን ፋይሎቹ በእርግጥ መኖራቸውን ማረጋገጥ ነበር። ወደ ዋናው ኮምፒዩተር ገብተን ፎልደሩን ብንከፍተው ሁሉም በየቦታቸው ተቀምጠዋል፤ አንድም አልጎደለም። እንግዲህ የጠፋው ፋይሉ ሳይሆን መንገዱ ነው ማለት ነው። ቀጥለን በብራውዘሩ ላይ ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ተጫንን። ይህ ቁልፍ ገጹ ሲከፈት ብራውዘሩ የትኛውን ፋይል በየትኛው አድራሻ እንደ ጠየቀና ምን መልስ እንደ ተሰጠው ተራ በተራ ያሳያል። የታመመ ሰው «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የተበላሸ ገጽም በዚህ ይጠየቃል። ስንመለከትም ብራውዘሩ ፋይሎቹን ሁሉ የሚጠይቀው አዲሱ የምዝገባ ፕሮግራም ከሚኖርበት ስፍራ ነበር። ያ ፕሮግራም ደግሞ እነዚህን ፋይሎች አያውቃቸውም፤ ስለዚህ «የለም» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ በደንብ እንዲገባ አንድ ግቢ እናስብ። በግቢው ውስጥ ብዙ ተከራዮች የሚኖሩባቸው ቤቶች አሉ። ግቢው ቶምካት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ፕሮግራም ነው። አድራሻው በእዝባር፣ ማለት / በምትባለው ዘንበል ባለች መሥመር የጀመረ እንደ ሆነ፣ «ከግቢው ዋና በር ጀምረህ ሂድ» ማለት ነው። ፕሮግራማችን ብቻውን በግቢው ሲኖር የግቢው በርና የቤቱ በር አንድ ነበር፤ ስለዚህ «/ሥዕል» የሚለው አድራሻ በቀጥታ ወደኛ ሥዕሎች ያደርስ ነበር። አሁን ግን ፕሮግራማችን «ንባብ» በምትባል ቤት ስለሚኖር ትክክለኛው አድራሻ «/ንባብ/ሥዕል» ሆኖአል። ይህን የቤቱን ስም የጃቫ ሰዎች ኮንቴክስት ፓዝ ይሉታል። ቶምካት ስሙን የሚወስደው ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ፎልደር ወይም ጥቅል ፋይል ስም ነው፤ ስሙ ሩት የሆነው ብቻ ያለ ስም በዋናው በር ይኖራል።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «በእዝባር ባይጀምርስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው። በእዝባር የማይጀምር አድራሻ፣ በመግቢያዬ እንደ ጠቀስሁት የታክሲ መንገደኛ፣ ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ የሚቆጥር ነው። ብራውዘሩ «የቆምሁበት» የሚለው ደግሞ ከላይ በአድራሻ ሣጥኑ ውስጥ የሚታየውን ነው እንጂ፣ ገጹን የሠራው ፋይል በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠበትን አይደለም። በጃቫ ፕሮግራም ጥያቄውን የሚቀበለው ሰርቭሌት የሚባል ክፍል ሲሆን፣ ገጹን አሳምሮ እንዲያወጣ ጄኤስፒ ወደሚባለው ፋይል በውስጥ ያስተላልፈዋል። ብራውዘሩ ይህን የውስጥ መተላለፍ አያይም። ስለዚህ ተማሪው «/ንባብ/ፈተና/2014/ሒሳብ» በሚል አድራሻ ላይ ካለ፣ «ሥዕል/አርማ» የሚለውን ጥሪ ብራውዘሩ «/ንባብ/ፈተና/2014/ሥዕል/አርማ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ በዚያም ምንም የለም። ያው ጥሪ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሠራል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠፋል። ብዙ ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምን ይሁን? በዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። ጓደኛዬ ሐሳቡን እንዲህ ሲል አቀረበ፤ «በየገጹ ያለውን ጥሪ ፈልገን ፊቱ ላይ /ንባብ የሚል እንጨምር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቱ ዛሬ ማታ ትፈልገዋለች፤ ስለ ወደ ፊቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።» ይህ ንግግር የሚናቅ አይደለም። የተራበ ሰው ፊት ቆሞ ስለ እርሻ ዘዴ መወያየት አይገባምና። እኔ ደግሞ እንዲህ አልሁ፤ «ስሙን የሰጠው ቢሮው ነው፤ ነገም ሊለውጠው ይችላል። ደግሞም በክበቡ ክፍል ባለው መለማመጃ ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ ያለ ስም በዋናው በር ይኖራል፤ ስሙን በእጃችን ከጻፍነው እዚያ ይሰበራል። ስሙን እኛ ከምንገምት ፕሮግራሙ ራሱ አስተናጋጁን ይጠይቀው።»

በጃቫ ይህን የሚጠይቅ ትእዛዝ አለ፤ ጌት ኮንቴክስት ፓዝ ይባላል። ትእዛዙ ሲጠራ ፕሮግራሙ አሁን የሚኖርበትን ቤት ስም ይመልሳል። ፕሮግራሙ በዋናው በር የሚኖር ከሆነ ባዶ ቃል ይመልሳል። ስለዚህ መልሱን በአድራሻው ፊት ብናስቀምጠው በሁለቱም አኳኋን ልክ ይሆናል። በሰው አነጋገር «ቤቱን አላውቅም፤ ዘበኛውን ጠይቅ» እንደ ማለት ነው፤ ዘበኛው ሁልጊዜ ያውቃልና።

መምህራችን ክርክራችንን ቆመው ሰሙ። ከዚያም «ጥሩ፤ የሁለታችሁ ሐሳብ በጊዜ ምን ያህል ይለያያል?» አሉን። ወዲያው አልመለስንም፤ ተቀምጠን አሰብን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የታየን። ፈልጎ መተካት በሁለቱም መንገድ ያው ሥራ ነው፤ አንዱ ቋሚ ስም ይተካል፣ ሌላው ስም የሚጠይቅ ትእዛዝ ይተካል። የሚጻፈው ቃል ትንሽ ይረዝማል እንጂ ደቂቃው አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ሥራ ረጅም፣ ችኩሉ ሥራ አጭር ይመስለናል፤ ሳንለካው ግን ማመን አይገባንም።

ደግሞም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘን። ፕሮግራሙን የሠሩት ታላላቆቻችን ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስዱትን ሊንኮች ሁሉ ጄኤስቲኤል በተባለው መሣሪያ ዩአርኤል በሚባል ትእዛዝ ሠርተዋቸው ነበር፤ ይህም ትእዛዝ የቤቱን ስም ራሱ ይጨምራል። ገጾቹ ከተዛወሩም በኋላ ሲከፈቱ የቆዩት ለዚህ ነው። የሥዕሎቹ፣ የሲኤስኤሱና የፈተናዎቹ ጥሪ ግን በእጅ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገንም፤ በግማሹ ቤት የነበረውን ደንብ ወደ ሌላው ግማሽ ማድረስ ብቻ ሆነ።

መምህራችን ቅደም ተከተሉን ወሰኑ፤ «መጀመሪያ ፈተናው፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ በመጨረሻ አርማው» አሉ። የፈተናዎቹ ዝርዝር አንድ በአንድ በእጅ የተጻፈ አልነበረም፤ ሁሉንም የሚያወጣው በአንድ ገጽ ላይ ያለ አንድ መሥመር ትእዛዝ ነው። ያንን አንድ መሥመር አስተካከልን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። ልጅቱም የሒሳቡን ወረቀት ከፍታ ደብተርዋን ዘረጋች። ቀለም የሌለው ገጽ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቀለሙ ማንም አልጠየቀም።

በማግሥቱ ወደ ቀለሙ ስንመለስ ጓደኛዬ አንድ ብልህ ጥያቄ አነሣ። «በሲኤስኤሱ ፋይል ውስጥም የጀርባ ሥዕል የሚጠራ አለ። ይህ ፋይል እንዳለ የሚሰጥ ስለ ሆነ የጃቫ ትእዛዝ ብንጽፍበት ማን ይተረጉመዋል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ማንም አይተረጉመውም፤ ትእዛዙ እንደ ተራ ጽሑፍ ተነቦ ይቀራል። ነገር ግን በሲኤስኤስ ውስጥ ያለ አንጻራዊ አድራሻ የሚቆጠረው ከገጹ ሳይሆን ከራሱ ከሲኤስኤሱ ፋይል ቦታ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ «አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣ፤ ከዚያ ወደ ሥዕል ግባ» የሚለው አነጋገር እዚህ ቦታ ትክክለኛው ሆነ። ሁለቱ ፎልደሮች ሁልጊዜ አብረው ስለሚጓዙ በመካከላቸው ያለው መንገድ አይለወጥም። ከዚህም የምንረዳው፣ አንዱ አድራሻ ሁልጊዜ ጥሩ ሌላው ሁልጊዜ መጥፎ አለመሆኑን ነው። ጥያቄው «አብሮ የሚንቀሳቀሰው ምን ነው? ጸንቶ የሚቀረውስ ምን ነው?» የሚል ነው።

ቀለሙ ከተስተካከለ በኋላም አንዳንዶቹ ኮምፒዩተሮች አሮጌውን መልክ ያሳዩ ነበር። ምክንያቱ ብራውዘር አንድ ጊዜ ያመጣውን ስታቲክ ፋይል ለሌላ ጊዜ ብሎ በራሱ ዘንድ ስለሚያስቀምጥ ነው። ይህ ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ያንኑ ሥዕል በየገጹ እንደገና ከማመላለስ ያድናል። አስተናጋጁም ፋይሉ ካልተለወጠ 304 የሚል ቁጥር ብቻ ይመልሳል፤ ይኸውም «አንተ ዘንድ ያለው በቂ ነው» ማለት ነው። ሲኤስኤሱ በተለወጠ ጊዜ ግን ብራውዘሩ አዲሱን እንዲወስድ፣ በአድራሻው መጨረሻ የጥያቄ ምልክትና የእትም ቁጥር ጨመርንበት። አድራሻው አዲስ ስለሚመስለው ብራውዘሩ አዲሱን ያመጣል።

ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ ሊነክስ የተባለው ሥርዓት ሁለቱን ለያይቶ ያያል፤ ዊንዶውስ ግን በተለመደው አሠራሩ አይለያቸውም። በዚህም የተነሣ በዊንዶውስ ላይ የተገኘ ፋይል በሊነክስ ላይ ሊጠፋ ይችላል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህ ችግር የዳንን ይመስለናል፤ ነገር ግን ሌላ አለን። «ሥዕል» እና «ስዕል» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ፣ ዐ እና አ በኮምፒዩተር ዘንድ ፈጽሞ አይወራረሱም። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በዌብ አድራሻ ውስጥም እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት አኀዞች ስለሚጻፍ፣ አንዱ የኛ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ አድራሻዎቹን በአማርኛ የጻፍሁት ለአንባቢ እንዲመች ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ግን አጫጭር ስሞችን ሁልጊዜ በትንሹ የላቲን ፊደል መጻፍን ደንብ አድርገናል።

ከዚያ በኋላ መምህራችን ሁለት ነገር አስተማሩን። አንደኛው ስለ ጓዳ ነው። በእያንዳንዱ የጃቫ ዌብ ፕሮግራም ውስጥ ዌብ ኢንፍ የሚባል ፎልደር አለ። በደንቡ መሠረት በዚህ ውስጥ ያለውን ፋይል ከውጭ በአድራሻ ጠርቶ የሚያገኘው የለም፤ የቤቱ ሰው ብቻ ገብቶ ያወጣዋል። ለእንግዳ የሚቀርበው በሳሎን ይቀመጣል፤ የቤቱ ምሥጢር በጓዳ ይቀመጣል። ስለዚህ አርማውንና ሲኤስኤሱን በጓዳ ያስቀመጠ ሰው «ፋይሉ አለ፤ ለምን 404 ይለኛል?» ብሎ በከንቱ ይደክማል። በተቃራኒው መምህራን የሚጠቀሙበት የፈተናዎቹ መልስ በጓዳ መቀመጥ አለበት፤ ፕሮግራሙ ጠያቂው መምህር መሆኑን አረጋግጦ ይሰጣል። የኛም መልሶች የተቀመጡት በዚያ ነው፤ ለተንኰለኞች ጓደኞቼ ይህን በወዳጅነት አስታውቃለሁ።

ሁለተኛው ስለ ጎተራ ነው። የፈተና ወረቀቶቹ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ቶምካት ግን አንድ ፕሮግራም እንዲነሣ ሲታዘዝ ፎልደሩን ጭምር ይሰርዛል። ያን ጊዜ ፎልደሩ ስሙ ተለወጠ እንጂ ስላልተነሣ ወረቀቶቹ ዳኑ፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። ስለዚህ ወረቀቶቹን ከፕሮግራሙ ውጭ ወዳለ ፎልደር አዛወርናቸው፤ ለቶምካትም «ይህን ፎልደር የዚህ ቤት ክፍል አድርገህ ቍጠረው» የሚል ደንብ ጻፍንለት። ቤት ሲታደስ እህሉ አብሮ እንዳይፈርስ አባቶቻችን ጎተራውን ለብቻ እንደሚሠሩት ያለ ነው። ቅጂውንም በሌላ ዲስክ አስቀመጥን።

የሥራው ፍሬ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ኮምፒዩተር አገኘ፤ ፕሮግራማችንም ወደዚያ ተዛወረ፤ ስሙም እንደገና ተለወጠ። በዚያን ቀን ተማሪዎች ገብተው አንብበው ወጡ። ማንም ለውጥ መኖሩን አላወቀም፤ ማንም አላመሰገነንም። እኔና ጓደኛዬ ግን እርስ በርሳችን ተያይተን ሳቅን። የዚህ ዓይነት ሥራ ምስጋናው ዝምታ ነው።

የዚያችን እኅታችንን ውጤት እዚህ አልጽፍም፤ የራስዋ ነውና። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆንሁት እኔ ነኝ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ በነዚያው ኮምፒዩተሮች ፊት የምቀመጠውም እኔ ነኝ። ወረቀቱን ስከፍት ታላላቆቻችን ያቆዩልንን አስባለሁ፤ ከኛ በኋላ የሚመጡትንም አስባለሁ።

ዌብን የመሠረተው ቲም በርነርስ ሊ በ1998 እ.ኤ.አ. በጻፈው ምክር ጥሩ አድራሻ እንደማይለወጥ አሳስቦአል። የቤቱ ስም መለወጡ ግን ብዙ ጊዜ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው፣ ስሙ ሲለወጥ መንገዱ እንዳይጠፋ አድርጎ መሥራት ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት የክበቡን ሥራ ለምትረከቡ ታናናሾቼ አደራዬ ይህ ነው፤ አዲስ ፋይል ስትጨምሩ የቤቱን ስም በእጃችሁ አትጻፉ፤ አስተናጋጁን ጠይቁ። ለእንግዳ የሚቀርበውን በሳሎን፣ ምሥጢሩን በጓዳ፣ እህሉን በጎተራ አስቀምጡ። ገጹም በተበላሸ ጊዜ «ፋይሉ ጠፋ» ከማለታችሁ በፊት ፎልደሩን ከፍታችሁ እዩ። ፋይሉ ካለ፣ የቀረው መንገዱን ማሳየት ነው።